ትንሺቱን ሄሊኮፕተር ስለ መቃኘት

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት ንብረት አያያዝ ስንጽፍ ቆይተናል። ዛሬ የምንጽፈው ስለ አንዲት መጫወቻ ነው። መጫወቻ ስለ ሆነች ነገሩ የማይረባ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በእርስዋ ምክንያት ልጅ ያለ ጥፋቱ ሲወቀስ፥ ከሩቅ አገር በድካም ገንዘብ የተገዛ ዕቃም በሳምንት ውስጥ ከቆሻሻ ጋር ሲጣል ስለምናይ፥ ነገሩን ጠንቅቆ መመርመር የሚገባ ሆኖ አግኝተነዋል። መጫወቻይቱም በአንድ ዘንግ ላይ ድርብ ክንፍ ያላት፥ በእጅ በሚያዝ ሪሞት ያለ ሽቦ የምትታዘዝ ትንሽ ሄሊኮፕተር ናት። በውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶች ለበዓል ወደ አገራቸው ሲመለሱ ለወንድማቸው ወይም ለእኅታቸው ልጅ ይዘዋት ይመጣሉ።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ሣጥኑ ይከፈታል፤ ቤተ ሰቡ ይሰበሰባል፤ ልጁም ሪሞቱን ይይዛል። ሄሊኮፕተርዋ ግን ብዙ ትጮኽና ከምድር ሳትነሣ ትቀራለች፤ ወይም ተነሥታ እንደ እንዝርት በራስዋ ላይ ትሾራለች፤ ወይም ወደ አንድ ወገን ተንሸራታ ከግድግዳ ጋር ትጋጫለች። ያን ጊዜ አባት ወይም ታላቅ ወንድም «ምን አደረግሃት? ሰበርሃት እኮ!» ይላል። ልጁ የሚመልሰው የለውም፤ ዕቃይቱን ከዚያ ቀን በፊት አይቶአት አያውቅምና። እኛ በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ ላይ ብዙ ዘመን ስለ ቆየን፥ ምስክር ሳይሰማ የተቈረጠ ፍርድ ምን ያህል እንደሚያስመርር እናውቃለን፤ በቤት ውስጥ ሲሆን ደግሞ ይግባኝ የሚባልበት ቦታ እንኳ የለም። ስለዚህ በዚህ ነገር የሚጠየቁትን ምስክሮች ሁሉ በየተራቸው እንጥራ።

የመጀመሪያው ምስክር አየሩ ነው። ከተማችን ንፋስ መውጫ የተባለችው በከንቱ አይደለም፤ ነፋሱንም የማያውቅ የለም። ሰው የሚረሳው ግን ሌላውን ነገር፥ ይኸውም የአየሩን መሳሳት ነው። ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ላይ ያለው አየር፥ ሊቃውንት መደበኛ ብለው በሚቈጥሩት ልክ፥ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ከመቶው 74 እጅ ያህል ብቻ ይመዝናል። አዲስ አበባ ላይ ከመቶው 79 እጅ ያህል፥ ወደ ፎገራ ሜዳ ወርደን ወረታ ላይ ብንለካው ደግሞ ከመቶው 84 እጅ ያህል ይሆናል። ሄሊኮፕተር የምትነሣው አየሩን ወደ ታች እየገፋች ነው፤ የምትገፋው አየር ሲሳሳ የምትደገፍበት ነገር ያንሳታል። ከእነዚህ መጫወቻዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት በቻይና ደቡብ፥ በባሕር ዳር ባለው በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ነው፤ እዚያ የሞከራቸው ሠራተኛ የሞከራቸው በወፍራም አየር ነው።

የክንፉ ኀይል የሚጨምረው እንደ ፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን፥ ፍጥነቱ በራሱ እንደ ተባዛ ነው። ስለዚህ በባሕር ዳር በደቂቃ 1,000 ጊዜ ዞራ የምትንሳፈፍ ክንፍ፥ እኛ ዘንድ ያንኑ ክብደት ለመሸከም 1,160 ጊዜ ያህል መዞር ይኖርባታል። ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ በሪሞቱ ላይ ይታያል። የመመሪያው ወረቀት «የኀይል መስጫው እጀታ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ትነሣለች» ቢል፥ በጋይንት ደጋ ላይ እጀታው ወደ ላይኛው ጫፍ እስኪቀርብ ላትነሣ ትችላለች። ሞተሮቹ ከልማዳቸው ይበልጥ ይግላሉ፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ይህ ስብራት አይደለም፤ የልጁም ጥፋት አይደለም። እንኳን በእኛ ተራራ ላይ፥ በማርስ ላይ እንኳ ሄሊኮፕተር በርራለች፤ የአሜሪካ የጠፈር መሥሪያ ቤት የላካት ኢንጅኒዊቲ የተባለችው፥ አየሩ ከምድር አየር ከመቶ አንድ እጅ በሚያህልበት በዚያ ዓለም ሚያዝያ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ተነሣች፤ ክንፍዋ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. እስኪሰበር ድረስም 72 ጊዜ በረረች። እርስዋም እንደዚች መጫወቻ በአንድ ዘንግ ላይ ሁለት ጥንድ ክንፍ ነበራት። ሠሪዎችዋ ስለ አየሩ መሳሳት ያደረጉት ነገር ክንፍዋን ማስረዘምና በደቂቃ 2,400 ጊዜ ያህል ማሽከርከር፥ ሰውነትዋንም እስከሚቻል ማቅለል ነበር። ልጆች ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋልና ይነገራቸው።

እኛ ክንፍ ለማስረዘም አንችልም፤ ክብደት ለማቅለል ግን እንችላለን። ለጌጥ የተለጠፈ ነገር ካለ ይነሣ፤ ለጀማሪ ተብሎ ከእግርዋ በታች የሚታሰረው የፕላስቲክ ዘንግም ልጁ ትንሽ ከለመደ በኋላ ይፈታ። ጊዜም ይመረጥ። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ይከብዳልና በማለዳ ክንፍዋ የተሻለ ድጋፍ ታገኛለች፤ በማለዳ ነፋሱም ገና አልተነሣም። ነገር ግን ባትሪ ብርድን አይወድም፤ በብርድ የቆየ ባትሪ ሙሉ እንኳ ቢሆን ኀይሉን አውጥቶ አይሰጥም። ስለዚህ ባትሪው ከመብረርዋ በፊት በኪስ ወይም በጋቢ ውስጥ ከሰውነት ሙቀት ጋር ይቆይ፤ ሄሊኮፕተርዋ ትብረድ፥ ባትሪው ይሙቅ።

ሁለተኛው ምስክር ይኸው ባትሪ ራሱ ነው። በእነዚህ መጫወቻዎች ውስጥ ያለው የሊቲየም ባትሪ በአንድ ክፍሉ 3.7 ቮልት የሚባለው ነው፤ ሙሉ ሲሆን 4.2 ይደርሳል፥ ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ግን ይጎዳል። ልጆች «አንድ ጊዜ ብቻ!» እያሉ እስኪሞት ድረስ ማብረር ስለሚወዱ፥ ባትሪው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ያረጃል፤ ከዚያም ሞተሩ ደከመ ይባላል። ደንቡ ይህ ይሁን፦ ድምፅዋ ሲለዝብና እጀታውን ከፊተኛው ይበልጥ ከፍ ማድረግ ሲያስፈልግ ያን ጊዜ ይበቃል ብሎ ማሳረፍ ነው። ከበረራ በኋላ ባትሪው እስኪቀዘቅዝ ሳይሞላ ይቆይ። ሲሞላም ሰው ባለበት፥ በድንጋይ ወይም በሸክላ ምጣድ ላይ ተቀምጦ ይሁን እንጂ በአልጋ ላይ፥ ገለባ ወይም ልብስ ባለበት ቦታ አይሁን። ያበጠ ባትሪ በምንም ምክንያት ወደ ቻርጀር አይመለስ። ይህ ዓይነቱ ባትሪ ሲቈጣ ውሃ ጠብ አድርጎ እንደሚጠፋ ፍም አይደለም፤ በድንገት ይነድዳል። በዚህ ጉዳይ ልጅን ብቻውን መተው እጅግ የሚያሳዝን ነገር ሊያመጣ ስለሚችል፥ መሙላቱ የአዋቂ ሥራ ሆኖ ይቅር።

አሁን ወደ ዕቃይቱ ወደ ራስዋ እንመጣለን፤ አሠራርዋን ያላወቀ ሰው ሊቃኛት አይችልምና። ተራው ሄሊኮፕተር አንድ ትልቅ ክንፍ ብቻ ስላለው፥ ክንፉ ወደ አንድ ወገን ሲዞር ሰውነቱ ወደ ሌላው ወገን መዞር ይፈልጋል፤ ይህን የሚከለክልለት በጅራቱ ላይ ያለው ትንሹ ክንፍ ነው። የእኛይቱ ግን በአንድ ዘንግ ላይ ሁለት ጥንድ ክንፍ አላት፤ ሁለቱም በተቃራኒ ይዞራሉና አንዱ ሌላውን ያስታግሣል። ውስጠኛው ዘንግ ክፍት በሆነው በውጭኛው ዘንግ ውስጥ ያልፋል፤ ለእያንዳንዱም የራሱ ሞተርና የራሱ ጥርስ አለው። ከላይኛው ጥንድ ራስ ላይ በጫፍና ጫፉ ክብደት ያለበት ቀጭን ዘንግ ይገኛል፤ ሚዛን ጠባቂ ልንለው እንችላለን፥ ጀማሪን የሚያድን እርሱ ነው። ከታችኛው ጥንድ ሥር ደግሞ ወደ አራቱም ማዕዘን ዘንበል የሚል ትንሽ ክብ ሰሐን አለ፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፥ ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚወስዳት እርሱ ነው። እርካሽ በሆኑት መጫወቻዎች ሰሐኑ የለም፤ በእርሱ ፈንታ በጅራትዋ ላይ ያለች ትንሽ ክንፍ ጅራትዋን ከፍና ዝቅ እያደረገች ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ታስኬዳታለች። እንዲህ ያለችው ወደ ጎን አልሄድም ብትል በተፈጥሮዋ ነውና አትወቀስ።

ከእርካሾቹም ብዙዎቹ በራዲዮ ሞገድ የሚታዘዙ አይደሉም፤ እንደ ቴሌቪዥን መለወጫ በማይታይ ብርሃን የሚታዘዙ ናቸው። ፀሐይ ባለበት ግቢ አውጥቶ «አልሰማ አለችኝ» ማለት በገበያ መካከል ቆሞ በሹክሹክታ እንደ መጣራት ነው። ጥላ ወዳለበት ክፍል አስገብቶ መሞከር ብቻ ይበቃል።

ልጁ ከሁሉ በፊት ሊማረው የሚገባ የአነሣሥ ሥርዓት አለ። መጀመሪያ የኀይል መስጫው እጀታ እስከ መጨረሻው ዝቅ ይበል። ሁለተኛ ሪሞቱ ይከፈት። ሦስተኛ የሄሊኮፕተርዋ ባትሪ ይያያዝ፤ ወዲያውም በደልዳላ ነገር ላይ ተቀምጣ፥ መብራትዋ ብልጭ ብልጭ ማለቱን አቁሞ እስኪጸና ድረስ ማንም አይንካት። በውስጥዋ ጃይሮ የሚባል፥ መዞርዋን የሚያውቅላት አካል አለና፥ በዚያች ጥቂት ጊዜ ውስጥ «ቆሜአለሁ» ማለት ምን እንደ ሆነ ይማራል። በዚያን ጊዜ በእጅ ይዞ ያነቃነቃት እንደ ሆነ የተሳሳተ ነገር ይማርና፥ ከተነሣች በኋላ ያለ ማቋረጥ ትዞራለች። እንደ እንዝርት የምትሾረው ሄሊኮፕተር ብዙ ጊዜ በሽታዋ ይህ ብቻ ነው፤ ባትሪውን ነቅሎ፥ በጸጥታ አስቀምጦ እንደ ገና መጀመር ይፈውሳታል። ትናንሽ ልጆች በዙሪያዋ ተሰብስበው ጣታቸውን እየዘረጉ ባሉበት ቤት ይህ ጸጥታ በቀላሉ አይገኝም፤ ቢሆንም ይገኝ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መዞርዋ ካልቀረ፥ ባትሪው ከተነቀለ በኋላ ሁለቱን ጥንድ ክንፎች በየተራ በጣት ማዞር ነው። አንደኛው ከሌላው የሚከብድ ከሆነ በዘንጉ ላይ ፀጉር ወይም ክር ተጠምጥሞአል፤ ወይም የሞተሩ ትንሽ ጥርስ በትልቁ ጥርስ ላይ እጅግ ተጫኖታል። ምንጣፍ ባለበት፥ እናቶች ጥጥ በሚፈትሉበት ቤት የክሩ ነገር የታወቀ ነው፤ በመርፌ ጫፍ ቀስ ብሎ ይወጣል። የጥርሱ መጫን እንደ ሆነ፥ የሞተሩን ብሎን በትንሽ ካቻቢቴ አላልቶ፥ በሁለቱ ጥርሶች መካከል አንዲት ስስ ወረቀት አስገብቶ፥ እንደ ገና አጥብቆ ወረቀቷን መንቀል ነው፤ የወረቀቷ ውፍረት ለጥርሶቹ የሚበቃ ነፃነት ይተውላቸዋል። ደግሞም ክንፎቹ ይታዩ። ላይኛውና ታችኛው ጥንድ በተቃራኒ ስለሚዞሩ ቅርጻቸው አንድ አይደለም፤ ከወደቀች በኋላ ሲተኩ የላይኛው ከታች፥ የታችኛው ከላይ ከተገባ ብትጮኽ እንጂ አትነሣም። ይህን ስሕተት አዋቂዎች ከልጆች ይልቅ ያዘወትሩታል፤ ልጅ ያየውን ምልክት ያስታውሳል፥ አዋቂ ግን የማያውቀውን በግምት ይሞላል።

የሚያንቀጠቅጣት ነገር ሲኖር ምርመራው ሌላ ነው። የክንፎቹ ብሎን እጅግ የጠበቀ እንደ ሆነ ክንፉ በዙረቱ ጊዜ ራሱን ሊያቃና አይችልም፤ እጅግ የላላም እንደ ሆነ ይንከራተታል። ልኩ ይህ ነው፦ ሄሊኮፕተርዋን በጎንዋ ሲይዙአት ክንፉ በቦታው ይቆይ፥ ጥቂት ሲነቀንቁአት ግን ይታጠፍ። በጫፉ የተሰነጠቀ ክንፍ በማስቲሽ ተጣብቆ አይበርርም፤ ክብደቱ ተለውጦአልና ይተካ። የተጣመመ ሚዛን ጠባቂ ዘንግ እንደ ሆነ በጣት ይቃናል። በክብ መንገድ እየተንሸራተተች የማትረጋ ከሆነ ደግሞ በሚዛን ጠባቂውና በክንፉ መካከል ያለችው ትንሽ ማያያዣ ላልታለች ወይም ተጣብቃለች።

ከዚህ በኋላ ቅኝቱ ይመጣል። ቅኝት ያልነው ሆን ብለን ነው። በገና የሚደረድር ሰው አውታሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይነካም፤ አንዱን ይስባል፥ ያዳምጣል፥ ይተወዋል፥ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። እዚህም እንዲሁ ነው። በሪሞቱ ላይ በየእጀታው አጠገብ ትናንሽ የመቃኛ ቁልፎች አሉ። ሄሊኮፕተርዋን አስነሥቶ፥ ወዴት እንደምታዘነብል አይቶ፥ አሳርፎ፥ አንዱን ቁልፍ አንድ ጊዜ ብቻ ተጭኖ፥ እንደ ገና ማስነሣት ነው። በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር የለወጠ ሰው ብትሻላት በምን እንደ ተሻላት፥ ብትብስባትም በምን እንደ ባሰባት አያውቅም። ስለዚህ ልጁ አንዲት ደብተር ይኑረው፤ ቀኑን፥ ነፋሱን፥ የለወጠውን አንድ ነገርና ያየውን ይጻፍባት። በደብተር የተጻፈ ነገር ከታላቅ ወንድም ጩኸት ይልቅ የታመነ ምስክር ነው።

በዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ይታወቁ። አንደኛው፥ ከምድር አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብላ ስትንሳፈፍ የምትወስደው ጠባይ እውነተኛ ጠባይዋ አይደለም። የምትገፋው አየር ከወለሉ ነጥሮ ወደ እርስዋ ስለሚመለስ እንደ ሰከረ ሰው ትወዛወዛለች። ጀማሪ ልጅ ግን ከፍታን ስለሚፈራ በዚሁ በሚያስቸግረው ቦታ ይቆያል፤ ባለችበት ሁሉ ቁልፍ ሲጫን ይውላል፥ ቅኝቱም ይጠፋል። ቁመትዋ ከክንፍዋ ስፋት እስኪያልፍ፥ ይልቁንም እስከ ሰው ጉልበት ድረስ በቈራጥነት ትነሣ፤ ዳኝነቱ እዚያ ይደረግ። ሁለተኛው፥ ሞተሮቹ ሲሞቁ ጠባያቸው ይለወጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ወደ ቀኝ የዞረችው በሁለተኛው ደቂቃ ልትቃና ትችላለችና፥ አንድ ደቂቃ ያህል ሳትበርር አትቃኝ። ሦስተኛው፥ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ መንሸራተትዋ በቁልፍ ብቻ አይታከምም። ክንፍዋ ቆሞ ሳለ ሚዛን ጠባቂውን ዘንግ በሁለት ጣት ይዞ ማንጠልጠል ነው፤ አፍንጫዋ ወደ ታች ከደፋ ባትሪው ወደ ኋላ ይሳብ፥ ጅራትዋ ከወረደ ወደ ፊት ይገፋ። ጭነት በአንድ ወገን የከበደበትን አጋሰስ ያየ ሰው ይህን ለማስረዳት ቃል አያጣም።

በአንዳንዶቹ ላይ፥ ሽፋንዋ ሲነሣ በሚታየው ሰሌዳ ላይ፥ በቀጭን ካቻቢቴ የሚዞሩ ሁለት ትናንሽ ጕድጓዶች አሉ። አንዱ የሁለቱን ሞተሮች ድርሻ የሚያስተካክል ነው፤ የሪሞቱ ቁልፍ እስከ ጫፉ ተጭኖም መዞርዋ ካልቀረ እርሱ በጥቂቱ ይነካል። ሌላው የጃይሮውን ንቃት የሚወስን ነው፤ ንቃቱ ሲበዛ ጅራትዋ እንደ ደስተኛ ውሻ ጅራት ይወዛወዛል፥ ሲያንስ ደግሞ ሰነፍ ሆና ወዲያና ወዲህ ትንከራተታለች። ሁለቱንም ከሩብ ዙረት ባነሰ ልክ እንጂ አብዝቶ ማዞር አይገባም፤ ከመንካት በፊትም የነበሩበትን ቦታ በደብተሩ ላይ መሣል ይሻላል። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ የተባለው እዚህ ላይ በደንብ ይሠራል።

ማብረሪያው ቦታ ቤት ውስጥ ይሁን። ይህች ዕቃ ቀላል ስለ ሆነች ለሰው እጅግ ደካማ የሚመስለው ነፋስ ይወስዳታል፤ በንፋስ መውጫ ደግሞ ከቀትር በኋላ ደካማ ነፋስ የሚባል ነገር የለም። ወለሉ ይጠረግ፤ እሳትና ድስት ከሌለበት ክፍል ይመረጥ፤ ትናንሽ ልጆች በሩ አጠገብ ይቀመጡ፤ ረጅም ፀጉር ያላት ልጅ ፀጉርዋን ወደ ኋላ ትሰር፥ ነጠላዋንም ታውልቅ። ሴቶች ልጆች ከበር ላይ ቆመው እንዲያዩ ብቻ የሚደረገውን ልማድ እኛ አንወደውም፤ የቅኝት ሥራ ትዕግሥትና ጣት የሚሻ ስለ ሆነ፥ በዚህ ከወንድሞቻቸው የማያንሱ መሆናቸውን ዕድል የሰጣቸው ያያል። ጀማሪው ጅራትዋን ወደ ራሱ አድርጎ ይቁም፤ አፍንጫዋ ወደ እርሱ የዞረ ጊዜ ቀኝና ግራው ስለሚገለበጥበት ወዲያው ከግድግዳ ያላትማታል። ስትጋጭም ሆነ ስትወድቅ ከሁሉ አስቀድሞ ኀይሉን እስከ መጨረሻው መቀነስ ያስፈልጋል። ክንፍዋ ተይዞ ሞተሩ ሲታገል የሚቃጠለው በጥቂት ሰከንድ ነው፤ ብዙዎቹ መጫወቻዎች የሚሞቱት በመውደቅ ሳይሆን ከመውደቃቸው በኋላ በሚሰጣቸው ኀይል ነው። እየወረደች ሳለችም እጀታውን በድንገት ወደ ጎን መምታት አይገባም፤ የላይኛውና የታችኛው ክንፍ እርስ በርሳቸው ይጠላለፋሉ።

ወደ ውጭ ያለማውጣትዋ ሌላም ምክንያት አለው። በአገራችን ያለ ሰው የሚበርር ዕቃ ከውጭ ማስገባትና ማብረር ፈቃድ የሚያስፈልገው ነገር ነው፤ መጫወቻን ከዚያ የሚለየው ድንበር የት እንደ ሆነ በጉምሩክ በር ላይ ከመከራከር፥ ዘመድ ከመግዛቱ በፊት ጠይቆ ቢረዳ ይሻለዋል። ካሜራ ያለባት እንደ ሆነማ ከቶ አታስፈልግም። ከዚህም ሌላ፥ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በሰማይ ላይ የሚያንዣብብ ነገር ድምፅ በክልላችን ለብዙ ሰው የጨዋታ ድምፅ አይደለም። በጎረቤት ያለች አሮጊት ያን ድምፅ ሰምታ የልጅ ልጆችዋን ወደ ቤት ስታስገባ ከማየት፥ ልጁ በአዳራሽ ውስጥ በሩን ዘግቶ ቢጫወት ይበልጣል። ልጁም ለምን እንደ ሆነ በግልጥ ይነገረው፤ ምክንያቱን ያልሰማ ልጅ ክልከላውን እንደ ቅጣት ይቈጥረዋልና።

ለአጎት ወይም ለአክስት ደብዳቤ ሲጻፍ «ተሰብራለች፥ ሌላ ላኩልን» አይባል። ደብተሩ ተገልጦ የጎደለው ነገር በስሙ ይጠየቅ፦ ሁለት ጥንድ የላይኛው ክንፍ፥ ሁለት ጥንድ የታችኛው፥ አንድ ሚዛን ጠባቂ ዘንግ፥ ሁለት ትናንሽ የሞተር ጥርስ። እነዚህ በደብዳቤ ከረጢት የሚያልፉ ናቸው፤ ከአዲስ ሄሊኮፕተርም እጅግ ይረክሳሉ። የሞዴልዋ ቍጥር በሣጥኑ ላይ ስላለ ሣጥኑ አይጣል። ትርፍ ባትሪ የተፈለገ እንደ ሆነ ግን በፖስታ አይላክ፤ የሚመጣው ዘመድ ጫፉን በፕላስተር ሸፍኖ፥ በጭነት ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጁ በሚይዘው ሻንጣ ያምጣው፤ የአየር መንገዶች ሕግ እንዲህ ያዛል።